ቤቱ አዲስ፣ ዋጋው ወደ ታች

ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። የመስኮቱ ፍሬም ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ በአንድ ጥጉ ቀርቷል። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲያወጣው ግን የሚሰማው ዋጋ ከገዛበት ያንሳል። "ምኑ ተበላሸ?" ይላል። ቤቱ ምንም አልሆነም። ሰውየው ሲገዛ ቤቱን እንጂ ሰፈሩን አላየም።

ከከተማ ወጣ ብለው በአንድ ጊዜ የበቀሉ ሰፈሮች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በነባር ሰፈር የሚሠራ ሒሳብ እዚያ አይሠራም። እኔ እንዲህ ባለ ሰፈር ዓመታት ኖሬያለሁ። ጎረቤቶቼ ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

የከፈሉትን ገንዘብ የቤቱ ዋጋ ነው ብሎ መያዝ

"አዲስ" የሚለው ቃል ራሱ ይሸጣል። ከፍሎ የሚገዛው ደግሞ የመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ቁልፉን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰው የኖረበት ቤት ነው። በዚያ ላይ በፊኒሺንግ ሰዓት የተጨመሩት ነገሮች አሉ፤ የተሻለ ሴራሚክ፣ የተሻለ የኩሽና ካቢኔት፣ ጌጠኛ መብራት። ሁሉም ውሉ ላይ ተደመሩና "የቤቱ ዋጋ" ተባሉ። ቀጣዩ ገዢ ግን ሴራሚኩን ሲያይ የሚያስበው ስለሚያስነሳበት ወጪ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ቤት ሲባል ሁለት ነገር ነው፦ መሬትና ግንባታ። ግንባታው ያረጃል። ዋጋው የሚጨምረው በአብዛኛው መሬቱ ነው። የጃፓን የግብር ሕግ የእንጨት መኖሪያ ቤትን ዕድሜ 22 ዓመት ብሎ ይቆጥራል። እዚያ ያረጀ ቤት ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ለመሬቱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሌላ አገር እንዲህ አይጨክንም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። መሀል ከተማ የገዛ ሰው ገንዘቡ በአብዛኛው መሬት ውስጥ ነው። ዳር ላይ የገዛ ሰው ገንዘቡ በአብዛኛው ግንቡ ውስጥ ነው፤ በሚያረጀው ክፍል። መሬቱም ቶሎ አይወደድም፤ ከአጥሩ ባሻገር ገና ያልተነካ ሜዳ ተዘርግቷላ።

ቤቱን ከሸጠልዎ ኩባንያ ጋር መወዳደር

ጎረቤቴ በአራተኛው ዓመት ሊሸጥ ወሰነ። ግድግዳውን አስቀባ፣ ሣሩን አሳጨደ፣ የተላቀቀ የበር እጀታ አጠበቀ። አንድ ቅዳሜ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየው ቁም ሳጥኖቹን እየከፈተች አየች። ባልየው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍቶ የውሃውን ግፊት ሞከረ። ወደዱት፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ሲወጡ ከመንገዱ ማዶ ባንዲራ የተሰቀለበትን የሽያጭ ቢሮ አዩ። "እሱንም አይተነው እንምጣ" አሉ። በዚያው ቀሩ።

ምን እንዳገኙ መገመት አይከብድም። ያው ንድፍ፣ ያው የክፍል ብዛት፣ ግን ማንም ያልተኛበት። በዚያ ላይ ኩባንያው የመጀመሪያውን ዓመት ወለድ እከፍላለሁ ይላል፣ የኩሽና ዕቃ በነፃ ይጨምራል፣ የውል ማስፈጸሚያውንም ይሸፍናል። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ዋጋ መቀነስ አይወድም። የውል ዋጋው ከቀነሰ ትናንት የገዙት ይጮሃሉ፣ ነገ የሚሸጣቸው ቤቶችም አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ ዋጋውን እንዳለ ትቶ ስጦታ ይሰጣል። መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም። ገዢው በትክክል ያወጣው ገንዘብ ግን ቀንሷል። እርስዎ መዝገቡን አይተው "ሰፈራችን ዋጋው አልወረደም" ይላሉ። ወርዷል፤ በስጦታ ወረቀት ስለተጠቀለለ ነው ያልታየዎት።

ገና ያልገዛ ሰው ካለ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በአጠቃላይ ስንት ቤት ነው የሚሠራው? ስንቱ ቀርቷል? ከጎን ያለው ባዶ ሜዳ የማን ነው፣ ለምንስ ተመድቧል? ሦስተኛውን ጥያቄ ለሽያጭ ሠራተኛው አይተዉለት፤ ፕላኑን ከሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ገዝቶ የገባ ሰው ደግሞ ከቻለ ባንዲራው እስኪወርድ ይታገሥ። ካልቻለ በአዲስነት አይወዳደር፤ ተሸንፏል። አዲሱ ቤት የሌለውን ያሳይ፦ ያደገ ዛፍ፣ ያለቀ አጥር፣ ጥላ ያለው በረንዳ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በየት እንደሚሄድ የታወቀ ግቢ።

ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለሆነ መተማመን

ተመሳሳይነት ለዓይን ያምራል። ለሻጭ ግን ክፉ ነው። ሃያ ቤት አንድ ዓይነት ከሆነ ገዢው የሚያመዛዝነው ነገር የለውም፤ ርካሹን ያነሳል። ገማቹም ቢሆን ቅርብ ጊዜ የተሸጠውን ተመሳሳይ ቤት ፈልጎ ነው የሚተምነው። አንዱ ቤተሰብ በፍቺ ምክንያት ተጣድፎ ቢሸጥ፣ የአንዱን ባንክ በሐራጅ ቢያወጣው፣ ያ ቁጥር የመንገዱ ሁሉ ቁጥር ይሆናል። በነባር ሰፈር "የእሱ ቤት እኮ የተለየ ነው" ብሎ መከራከር ይቻላል። እዚህ በምን አፍ?

ነዋሪዎቹም ይመሳሰላሉ። በተቀራራቢ ዓመት ገዝተዋል፣ በተቀራራቢ ውል ተበድረዋል፣ አንዳንዴም አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ችግር ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ያንኳኳል። አየርላንድ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ቀውስ በኋላ፣ በ2010 መንግሥት ባስቆጠረው መሠረት ከ2,800 በላይ ያላለቁ የመኖሪያ ሰፈሮች ተገኙ። መብራት በሌለው መንገድ፣ ጣሪያ ባልለበሱ ቤቶች መሀል የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በ2013 የአገሪቱ የቤት ዋጋ ከ2007ቱ ከፍተኛ ዋጋ በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ብድሩን በቀኑ ሲከፍል የኖረውም ሰው ከዚህ አላመለጠም።

ወለድን የሌላ ሰው ጉዳይ ማድረግ

"እኔ ወለዴ የተወሰነ ነው፣ ቢጨምር አይመለከተኝም" የሚል ሰው አለ። ለሚከፍለው ዕዳ ልክ ነው። ለሚሸጠው ቤት ግን የሚወስነው የገዢው ወለድ ነው። በወር 1,000 መክፈል የሚችል ሰው እንውሰድ፤ የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። በ30 ዓመት ብድር፣ ወለዱ 3 በመቶ ሲሆን ወደ 237,000 መበደር ይችላል። ወለዱ 7 በመቶ ሲሆን ያው 1,000 የሚያስበድረው ወደ 150,000 ብቻ ነው። ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ጠፋ! የሰውየው ደሞዝ አልቀነሰም፣ ቤትዎም ያው ነው። አዲስ ሰፈር የሚገዛው በአብዛኛው ተበዳሪ ስለሆነ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ብሮሹር ላይ የተሳለ ትምህርት ቤት መግዛት

ስለዚህ ብዙ አልልም። በጀቱ ያልጸደቀ፣ ቁፋሮው ያልተጀመረ መንገድ መንገድ አይደለም። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ መናፈሻውም እንደዚያው። ርቀቱን ደግሞ በኪሎ ሜትር አይለኩት። በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰፈሩ ተነስተው ሥራ ቦታዎ ድረስ ይንዱና ሰዓቱን ይዩ። ነዳጅ ሲወደድ መጀመሪያ የሚጎዳው ሩቁ ሰፈር ነው። በሐምሌ 2008 (እ.ኤ.አ.) ድፍድፍ ነዳጅ በበርሜል 147 ዶላር ሲደርስ በአሜሪካ ከከተማ ርቀው የተሠሩ ሰፈሮች ከመሀል ከተማው በከፋ ሁኔታ ቆስለው ነበር።

"አዲስ ቤት ምን ይፈተሻል?"

ይሄኛው የእኔ ነው። ማን ኖሮበት ማን ያበላሸዋል ብዬ ሳላስፈትሽ ገባሁ። በሦስተኛው የዝናብ ወቅት የመግቢያው ደረጃ ከግድግዳው ተላቆ አገኘሁት። ክፍተቱ ጣቴን ያስገባል። ቆይቶ እንደገባኝ፣ ለመሠረቱ የተቆፈረው ጉድጓድ ዙሪያውን ሲሞላ አፈሩ በደንብ አልተጠቀጠቀም። እንዲህ ያለ ሙሌት ውሃ ሲጠጣ ይሰምጣል፤ የተቀመጠበትንም ይዞ ይወርዳል። ውሃውን የሚያጠጣው ደግሞ የራሴ አሸንዳ ነበር። የቱቦው አፍ የሚያልቀው ግድግዳው ሥር ነው። የጣሪያው ውሃ በሙሉ እዚያች ቦታ ይንዶቀዶቃል።

ግቢ ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። የተለመደው ልክ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት ነው። የእኔ ወደ ቤቱ ያዘነብል ነበር። ሣር ስለለበሰ ማን ያየዋል? ለኩባንያው ደወልኩ። የዋስትናው ጊዜ ከሁለት ወር በፊት አልቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደንግጥ። ልስን ሲደርቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያወጣል፤ ቀለም ይሸፍነዋል። የሚያሳስበው ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄደው፣ እየሰፋም የሚመጣው ነው። ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በእርሳስ ጭረት ያድርጉና ቀኑን ይጻፉ። ከወራት በኋላ ጭረቱን አልፎ ከሄደ መሐንዲስ ይጥሩ። ከሁሉም በላይ፣ ዋስትናው ከማለቁ አንድ ወር ቀደም ብለው የእርስዎ የሆነ፣ ከኩባንያው ጋር የማይሠራ ባለሙያ አምጥተው ያስፈትሹ። ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ ያስገቡ። የስልክ ጭቅጭቅ ማስረጃ አይሆንም።

ይሄ ከዋጋ ጋር ምን አገናኘው? ሰፈሩን የሠራው አንድ ኩባንያ ነው። አንድ ቤት ላይ የተገኘ ጉድለት የሁሉም ነው ተብሎ ይወራል። አንዳንዴም እውነት ነው።

የጋራ መዋጮው ዝቅ በማለቱ መደሰት

ኩባንያው ቤት እየሸጠ ሳለ የወር መዋጮው ትንሽ ነው። መሸጫው ነው። ጥበቃውንም ጽዳቱንም ከራሱ እየደጎመ ይቆያል። ከዚያ አስረክቦ ይሄዳል። የነዋሪዎች ማኅበሩ ካዝናውን ሲከፍት ባዶ ነው። የአጥር በሩ ሞተር ቆሟል፣ የመንገድ መብራቶቹ ሦስቱ አይሠሩም፣ በሽያጩ ሰሞን የተተከሉት ችግኞች ግማሾቹ ደርቀዋል። መዋጮው በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሁን ሲባል ስብሰባው ጠብ ይሆናል። ገዢ ደግሞ ቤትዎ ሳይደርስ የሚያየው ያንን የቆመ በር ነው። ርክክቡ ሲካሄድ የጋራ መጠቀሚያዎቹ ተፈትሸው፣ የሚቀረው ሥራ በጽሑፍ ተይዞ መሆን አለበት። ስብሰባው አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ይሂዱ።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ግምት ማመን

ኮምፒውተር የሚያወጣው ግምት ለወሬ ይበቃል። ዚሎው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በራሱ ትመና ተማምኖ ቤት እየገዛ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በኅዳር 2021 (እ.ኤ.አ.) ከስሮ ያንን ሥራ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ደግሞም ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው። የተሸጠበትን ይጠይቁ።

"ሰፈሩን ያበላሹት ተከራዮቹ ናቸው"

ዋጋ ሲወርድ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰርበት አዲስ የገባ ሰው ነው። ይህ ወሬ ከውድቀቱ በላይ ይጎዳል፤ የሰማው ሁሉ ሳይቀደም ለመሸጥ ይሮጣላ። ድሮም የተነገደበት ነገር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ አንዳንድ ደላሎች "ጥቁሮች ሊገቡ ነው" እያሉ ነጭ ባለቤቶችን ያስፈራሩ ነበር። ከተደናገጠው በርካሽ ይገዛሉ፣ ያንኑ ቤት ለጥቁር ቤተሰብ አስወድደው ይሸጣሉ። አሠራሩ የተከለከለው በ1968 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ ነው።

ወሬው ሲመጣ አንድ ምሽት ሰፈሩን በእግር ይዙሩ። መብራት የሌለባቸውን ቤቶች ይቁጠሩ። ባዶ ቤት ነው ሰፈር የሚገድለው፤ ቧንቧው ሲፈስ የሚሰማ የለም፣ የተሰበረ መስኮቱን የሚጠግን የለም።

ያ ቅዳሜ ገዢዎቹ የቀሩበት ጎረቤቴ በመጨረሻ አልሸጠም፤ አከራየው። ኮሚቴው ላይ ስለ ተከራዮች ሲያማርር የኖረው እሱ ራሱ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሽያጭ ቢሮው ባንዲራ ወረደ። ቤቱን እንደገና ለገበያ ሲያወጣው ግቢው እሱ ከነበረበት ጊዜ የተሻለ ነበር። ተከራዩ ከአጥሩ ሥር የተከለው ዛፍ ቁመቱ ከእኔ በልጦ ነበር፤ አዲሱ ገዢም መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እሱ ነው።