ለሮቦት ክንድ ትክክለኛውን የማዋቀሪያ ፋይል እንዴት እንደምንመርጥ

የተሳሳተ የማዋቀሪያ ፋይል የተሰጠው የሮቦት ክንድ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቆምም። ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ የእጁ ጫፍ የደረሰበት አድርጎ የሚያሰላው ቦታና ጫፉ በእርግጥ ያለበት ቦታ ይለያያሉ። ስለዚህ የፋይሉ ምርጫ ክንዱ ከመነሣቱ በፊት ማለቅ አለበት። ምሳሌያችን በሮስ 2 (ሮቦቶችን ለማዘዝ በሚያገለግል የሶፍትዌር ማዕቀፍ) የሚታዘዘው የዴንማርኩ ኩባንያ የዩኒቨርሳል ሮቦትስ ክንድ ነው።

በመጀመሪያ ሞዴሉን በትክክል ይለዩ። ዩአር5 እና ዩአር5ኢ ሁለቱም 5 ኪሎ ግራም የሚያነሡና እስከ 850 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ በመሆናቸው፣ ስማቸውም በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያይ፣ የአንዱ ፋይል ለሌላው የሚሠራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመሠረቱ እስከ ትከሻው መገጣጠሚያ ያለው ከፍታ በዩአር5 89.159 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዩአር5ኢ 162.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻው የእጅ አንጓ ርዝመትም 82.3 እና 99.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይለያያል። የዩአር5ኢን ፋይል ለዩአር5 የሰጠ ሰው እጁ ካሰበው በታች ወርዶ ጠረጴዛውን ሊመታበት ይችላል። የቱ እንደሆነ ካጠራጠረዎት በቲች ፔንዳንቱ (ሮቦቱን በሚያዝዙበት ስክሪን ያለው መቆጣጠሪያ) ላይ የፖሊስኮፕን፣ ማለትም የሮቦቱን የራሱን ሶፍትዌር፣ የሥሪት ቁጥር ይመልከቱ፤ በ3 የሚጀምር ከሆነ ዩአር5 ያለበት የቀድሞው ሲቢ3 ትውልድ ነው፣ በ5 የሚጀምር ከሆነ ዩአር5ኢ ያለበት ኢ-ሲሪስ ነው። የመጀመሪያው በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ሁለተኛው 500 ጊዜ ከድራይቨሩ (ሮስን ከሮቦቱ ጋር ከሚያገናኘው ፕሮግራም) ጋር መረጃ ይለዋወጣል።

በሮቦቱ መግለጫ ጥቅል ውስጥ እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ፎልደር አለው፤ በውስጡም የመገጣጠሚያ ገደቦችን፣ የክንዱን ጂኦሜትሪ፣ ክብደቱንና መልኩን የሚይዙ አራት የያምል (በጽሑፍ የሚነበብ የማዋቀሪያ ቅርጽ) ፋይሎች ይገኛሉ። ከተለያዩ ፎልደሮች ፋይል አያቀላቅሉ። በገደቦቹ ፋይል ውስጥ የክርኑ እንቅስቃሴ በሁለቱም አቅጣጫ በ180 ዲግሪ ተወስኖ ቢያዩ ስሕተት አይደለም፤ መገጣጠሚያው እስከ 360 የሚዞር ቢሆንም የመንገድ ፍለጋው እንዳይወሳሰብ ሆን ተብሎ የተደረገ ስለሆነ እንዳለ ይተዉት።

ብዙ ሰው ሞዴሉን ከለየ በኋላ ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራል፤ እኔ ግን ዋናው ምርጫ ከዚህ በኋላ ነው እላለሁ። በፎልደሩ ውስጥ ያለው የጂኦሜትሪ ፋይል የሞዴሉን ልኬት እንጂ በፊትዎ የቆመውን ክንድ ልኬት አይነግርም። እያንዳንዱ ክንድ በፋብሪካ ተለክቶ የራሱ ካሊብሬሽን (የዚያን ክንድ ትክክለኛ ልኬት የሚይዝ መረጃ) የተሰጠው ሲሆን፣ ይህን መረጃ ሳይጠቀሙ መሥራት የጫፉን ቦታ በሴንቲ ሜትር ደረጃ ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ከድራይቨሩ ጋር የሚመጣውን የካሊብሬሽን ማውጫ ፕሮግራም የሮቦቱን አይፒ አድራሻና ፋይሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ሰጥተው ያስነሡት፤ የሚያወጣውንም ፋይል በክንዱ መለያ ቁጥር ይሰይሙት። በአንድ ክፍል ሁለት ዩአር5ኢ ካለዎት ሁለት ፋይሎች ያስፈልጉዎታል። ድራይቨሩ ሲነሣ ካሊብሬሽኑ ከተገናኘው ሮቦት ጋር እንደማይስማማ ከገለጸ፣ ክንዱ ስለሚታዘዝልዎት ብቻ መልእክቱን አይለፉት።

በመጨረሻ ፋይሉን በልኬት ይፈትሹ። ክንዱን በዝግታ ወደ አንድ ቦታ ወስደው ያቁሙት፤ በፔንዳንቱ ላይ የመሣሪያ ጫፍ ርቀቱን (ከክንዱ ጫፍ እስከ ተገጠመው መሣሪያ ጫፍ ያለውን) ዜሮ አድርገው የሚያሳየውን ኤክስ፣ ዋይ እና ዜድ በሮስ ካለው ቱል0 (የክንዱን ጫፍ ከሚወክለው ነጥብ) ጋር ያስተያዩ። መነሻው ቤዝ የተባለው ፍሬም (ቦታ የሚለካበት ማመሳከሪያ) መሆን አለበት፤ ቤዝ ሊንክ የተባለው ሌላው ፍሬም በ180 ዲግሪ የዞረ ስለሆነ በእርሱ ከለኩ የኤክስና የዋይ ምልክቶች ይገለበጣሉ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሆነ የካሊብሬሽን ፋይሉ ሳይነበብ እንደቀረ ይጠርጥሩ፤ ብዙ ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ወደ ሞዴሉ ስም ተመልሰው ያረጋግጡ።