ብሎኩ ለምን ይጠፋብናል? አዲስ ሰፈር ስንለምድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አዲስ የገባ ሰው ብሎኩ ቢጠፋበት አይገርምም። ሕንጻዎቹ መንታ ናቸው። ግን ሰፈሩን የምንለምድበት መንገድም ችግር አለበት።

ትልቁ ስህተት ሲወጡ ወደ ኋላ ዞሮ አለማየት ነው። አእምሯችን ቦታን እንደ ፎቶ ቆርጦ አያስቀምጥም። ጠዋት ሲወጡ ያዩት የሕንጻ ጎን፣ ማታ ሲመለሱ የሚያዩት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሮጀር ሼፐርድና ጃክሊን ሜትዝለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከኩብ የተገጣጠሙ ቅርጾችን ሥዕል ጥንድ ጥንድ አድርገው ለሰዎች አሳዩ። ጥያቄው «አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» የሚል ነበር። አንዱ ከሌላው በብዙ ዲግሪ በዞረ ቁጥር መልሱም በዚያው ልክ ዘገየ። ሰዎቹ ቅርጹን በሐሳባቸው እያዞሩ ነበር ማለት ነው። ይሄ ሥራ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል። ደክሞዎት፣ መሽቶ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለሱ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከግቢ ሲወጡ፣ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ዞር ብለው ይዩ። የመመለሻውን መልክ ያኔ ይያዙት።

ሁለተኛው በሚነሳ ነገር ምልክት ማድረግ ነው። የአሸዋ ክምር፣ የቆመ ሲኖትራክ፣ ላስቲክ ወጥራ ቡና የምታፈላ ልጅ፣ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሻላል። ከሩቅ የሚታይ ነገር ደግሞ አቅጣጫ ያስይዛል፤ በዚያ በኩል የረር ተራራ አለልዎት።

ሦስተኛው የስልክ ካርታ ላይ ተደፍቶ መሄድ ነው። ቦታን በማስታወስ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። የለንደን ታክሲ ነጂዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ጎዳናዎችን በቃላቸው ያጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌሎች ሰዎች ተልቆ አገኘው። ስልኩ ለመጀመሪያ ቀን ይጠቅማል፤ ከዚያ ኪስ ይግባ። እውነት ለመናገር፣ ሁሌ በባጃጅ እየገቡ ሰፈር መልመድም ይከብዳል። በእግር ይሂዱ።

አንድ የሚያሳዝነኝ አለ። እናት ከገጠር መጥተው ብሎኩ ቢምታታባቸው «አረጁ፣ ረሱ» እንላለን። መንታ ሕንጻ ወጣቱንም ያምታታል። እጃቸውን ይዘው ያዟዟሯቸው፤ ከየአቅጣጫው ያሳዩዋቸው። ለብዙ ዓመት በኖሩበት ሰፈር መጥፋት ከጀመሩ ግን ሐኪም ይያቸው።