ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ኮድ ኦፍ ኮንዳክት ስታወጡ ከማስፈጸሚያው ጀምሩ

ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ላለ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ፕሮጀክት ኮድ ኦፍ ኮንዳክት (የአባላት የሥነ ምግባር ደንብ) መጨመር ጊዜ አይፈጅም። ጊትሀብ ራሱ የተዘጋጀ ጽሑፍ ያቀርብላችኋል፣ ትመርጣላችሁ፣ ኮሚት ታደርጋላችሁ (ፕሮጀክቱ ውስጥ ታስገባላችሁ)፣ አለቀ። ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ስንቱ ፕሮጀክት ውስጥ ፋይሉ ተቀምጦ፣ የቅሬታ አድራሻ እንዲገባበት የተተወው ቦታ ግን ሳይሞላ ቀርቷል! እንዲህ ያለ ደንብ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። አዲስ የመጣ ሰው ፋይሉን አይቶ "እዚህ ብበደል የሚሰማኝ አለ" ብሎ አምኖ ይገባል፣ ነገሩ የደረሰበት ቀን ግን የሚያናግረው ሰው የለም።

ጽሑፉ ላይ ብዙ አትድከሙ። ኮራሊን ኤዳ ኤምኪ በ2014 ያወጣችው ኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት የሚባል ዝግጁ ደንብ ለአብዛኛው ፕሮጀክት ይበቃል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። 2.0 እትሙ የእርምጃ ደረጃዎችም አሉት፦ ማረም፣ ማስጠንቀቅ፣ ለጊዜው ማገድ፣ ለዘለቄታው ማገድ። እናንተ የምትጨምሩበት፣ ደንቡ የት የት እንደሚሠራ ነው። የእኛ ዴቨሎፐሮች ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ፑል ሪኩዌስት (አንድ ሰው የጻፈው ኮድ እንዲገባለት የሚልከው ጥያቄ) ላይ ሳይሆን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው፣ ከዚያም በውስጥ መስመር ይቀጥላል። ስለዚህ ግሩፑንም፣ በፕሮጀክቱ ሰበብ የሚላክ የውስጥ መስመር መልእክትንም ስም ጠርታችሁ አስገቡ።

ቅሬታ ተቀባይ አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ሁለት ሦስት ሰው ምረጡ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፣ ሁሉም የመሥራቹ ጓደኞች ግን አይሁኑ። ቅሬታው ከተቀባዮቹ በአንዱ ላይ ከሆነስ ለማን ይላካል? ይሄን ዛሬውኑ ጻፉት፣ ምክንያቱም ነገሩ ከመጣ በኋላ የምትወስኑት ሁሉ ወገንተኝነት ይመስላል። ራስት የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፕሮጀክት ላይ የሆነውን ተመልከቱ። በኖቬምበር 2021 የሞደሬሽን (ደንብ አስከባሪ) ቡድኑ በሙሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ምክንያታቸው ዋናው አመራር ከራሱ በቀር ለማንም ተጠያቂ ስላልሆነ ደንቡን በሚገባው ደረጃ ማስከበር አልቻልንም የሚል ነበር። ያን የሚያህል ፕሮጀክት አመራሩን እንደገና ማዋቀር ግድ ሆነበት።

ቅሬታ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ "ደርሶናል፣ እያየነው ነው፣ እስከ ዓርብ መልስ እንሰጣለን" ብላችሁ ጻፉ። ዝምታ አንዳንዴ ከስድቡ በላይ ያማል። ቀጥሎ ማስረጃውን ያዙ፤ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የጻፈውን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል ስክሪንሹት ቶሎ መወሰድ አለበት። የከሳሹን ስም ያለ ፈቃዱ ለማንም አትንገሩ። ከዚያ ተከሳሹንም ለብቻው ስሙት።

እዚህ ላይ በጣም የምጠነቀቅበት አንድ ልማዳችን አለ። ጠብ ሲነሳ ቶሎ ብለን ሽማግሌ እንሆናለን፣ "በቃ እርሱትና ታረቁ" እንላለን። ሁለት ሰዎች በዲዛይን ተከራክረው ቃል ከተወራወሩ ሽምግልና ግሩም ነው፣ አድርጉት። አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር ትንኮሳ ደርሶባት ስታመለክት ግን ከተነኮሳት ሰው ጋር አስቀምጦ ይቅር ተባባሉ ማለት ሌላ በደል ነው። በይሉኝታ እሺ ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ከግሩፑ ትወጣለች፣ እሱ ይቀራል። እንዲህ ባለ ጉዳይ እርቅ የሚነሳው ተበዳይዋ ራሷ ከፈለገች ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ ስትልኩ አጭርና ተጨባጭ ይሁን። ለምሳሌ፦

"ሰላም። ትናንት ግሩፑ ላይ ለአንድ አባላችን 'አንተ ኮድ መጻፉን ተውና ሌላ ሥራ ፈልግ' ብለህ ጽፈሃል። ይሄ ከደንባችን ውጭ ነው። መልእክቱን እንድታጠፋ እንጠይቅሃለን። ከተደገመ ለ30 ቀን ከግሩፑም ከኮድ ማስቀመጫው (ሪፖው)ም ትታገዳለህ። ውሳኔው ትክክል አይደለም ካልክ እስከ ሰኞ በዚሁ አድራሻ ጻፍልን።"

ይሄው ነው። ስብከት አትጨምሩበት፣ ስለ ሰውየው ጠባይም ምንም አትበሉ።

ከባዱ ጉዳይ በዳዩ የፕሮጀክቱ ምሰሶ ሲሆን ነው። "እሱ ከሄደ ማን ይሠራዋል?" ይባላል። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ ለዓመታት ሰውን በኢሜይል በመዝለፍ ይታወቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፣ የሰውን ስሜት መረዳት ላይ እገዛ እንደሚያስፈልገው ተናግሮም ሥራውን ለሌላው የከርነሉ መሪ ለግሬግ ክሮሃርትማን ትቶ ለጥቂት ሳምንታት ዞር አለ። ከርነሉም በዚያው ሰሞን ከኮንትሪቢዩተር ኮቨናንት የተወሰደውን ደንብ ተቀበለ። የከርነሉ 4.19 እትም በግሬግ እጅ ወጣ፣ ምንም የፈረሰ ነገር የለም። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከርነሉ ውስጥ ያለ የአንድ ፋይል ሲስተም (ፋይል በዲስክ ላይ የሚደራጅበት ክፍል) ዋና ፕሮግራመር ሌላ አባልን በጽሑፍ በመዝለፉ ለ6.13 እትም የላከው ሥራ እንዳይገባ ተደረገ። ቅጣቱ የታወቀ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ምክንያቱም በይፋ የተነገረ ነው፤ እናንተም እንዲህ አድርጉ። የምሰሶውን ሰው ዋጋ ስታሰሉ በእሱ ምክንያት ሁለተኛ ፑል ሪኩዌስት ሳይልኩ የቀሩትንም ሰዎች አስቡ፣ ድምፃቸው ስለማይሰማ ነው የሚረሱት።

ሳይቃጠል በቅጠል ከተባለ ግን አብዛኛው ነገር እዚህ አይደርስም። ሪቪው ላይ (ኮድ ሲገመገም) "ይሄን የጻፈው ሰው ማን አስተማረው?" የሚል ካያችሁ ያኔውኑ ግቡ። አስተያየቱ እንዲህ መሆን ይችል ነበር፦ "ይሄ ፈንክሽን ባዶ ሊስት ሲመጣለት ይወድቃል፣ መጀመሪያ ላይ ቼክ ብናደርግስ?" ኮዱ እኩል ተተችቷል፣ ሰውየው ግን ነገም ይመጣል። ጥራት ላይ ፍንክች አትበሉ፣ መጥፎ ኮድን መርጅ አላደርግም (አላስገባም) ማለት ብልግና አይደለም።

ተጠቃሚዎችንም አትርሱ፣ ደንቡ እነሱንም ይመለከታል። ኤክስዚ የሚባለውን የፋይል መጭመቂያ በኃላፊነት የሚንከባከበው ሰው የአእምሮ ጤንነቱ እንደተቸገረ ተናግሮ እያለ፣ በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ አካውንቶች "ለምን ትዘገያለህ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ" እያሉ ወጠሩት። ለረዳትነት የቀረበው አካውንት ከጊዜ በኋላ ሥልጣን አገኘ፣ በ2024 ደግሞ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የጀርባ በር (በድብቅ ሰርጎ መግቢያ ኮድ) ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፣ ኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶበት ሲመረምር። ውትወታው የዕቅዱ አካል እንደነበር በሰፊው ይታመናል። ስለዚህ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ጽሑፍ) ላይ "የምንሠራው በትርፍ ጊዜያችን ነው፣ መልስ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል" ብላችሁ አስቀምጡ። "መቼ ነው የሚያልቀው?" የሚሉ ሰዎች የሚረባረቡበትን ኢሹ (የጥያቄ ገጽ) ቆልፉት፣ የቆለፋችሁበትን ምክንያት ግን ከሥሩ በአንድ መስመር ጻፉ።