የአስተዳዳሪ አካውንት ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ እንዲከፈት ማድረግ፦ በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ

መብራት ሲሄድ የሚጠፋ፣ ሲመለስ ግን ማንም ሳይነካው ተነስቶ ሥራውን መቀጠል ያለበት ዴስክቶፕ በብዙ ሱቅና ቢሮ ይገኛል። ለምሳሌ የደኅንነት ካሜራ ምስል የሚቀዳው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ተጠቃሚው ወደ ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ማሽኑ ይለፍ ቃል እየጠየቀ ቆሞ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ አንድም ምስል አይቀመጥም። በራሱ የሚከፈት አካውንት የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ማሽን ነው፤ በየጠዋቱ ይለፍ ቃል መጻፍ ስለሰለቸን ብቻ ልናደርገው አይገባም።

ከሁሉ አስቀድመው አካውንቱ የግድ የአስተዳዳሪ መሆን እንዳለበት ያጣሩ። ፕሮግራም ሲጫን ወይም የሲስተም ቅንብር ሲቀየር ዊንዶውስ የፈቃድ መጠየቂያ መስኮት ያወጣል፤ በተራ ተጠቃሚ አካውንት ላይ ይህ መስኮት የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል ሲጠይቅ፣ በአስተዳዳሪ አካውንት ላይ ግን በተለመደው ቅንብር «አዎ» የሚለውን መጫን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የአስተዳዳሪ አካውንት በራሱ ከተከፈተ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው ፕሮግራም ሊጭን፣ የሌሎችን ይለፍ ቃል ሊለውጥ፣ ፋይሎቻቸውንም ሊያይ ይችላል። በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሥራ ተራ አካውንት ይበቃል፤ የአስተዳዳሪውን የምንጠቀመው ፕሮግራሙ ያለዚያ የማይሠራ ሲሆን፣ ያውም ክፍሉ የሚቆለፍ ከሆነ ነው። አሠራሩ ለሁለቱም አንድ ነው።

ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል፣ ከኢሜይል ጋር ያልተያያዘ አካውንት በማሽኑ ላይ ይክፈቱ። የማይክሮሶፍት አካውንትዎን ከተጠቀሙ፣ ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው ይለፍ ቃል የኢሜይልዎም ቁልፍ ይሆናል። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ይጫኑና በሚከፈተው ትንሽ መስኮት ውስጥ ኔትፕልዊዝ ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ ፊደላቱ ኤን፣ ኢ፣ ቲ፣ ፒ፣ ኤል፣ ደብልዩ፣ አይ፣ ዜድ ናቸው። ኢንተር ሲጫኑ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይወጣል። ከዝርዝሩ በላይ ያለው ሳጥን ተጠቃሚዎች ስምና ይለፍ ቃል ማስገባት እንዳለባቸው የሚገልጽ ነው፤ ምልክቱ ከተነሳ በኋላ ዝርዝሩ ስለሚደበዝዝ አስቀድመው አካውንቱን ይምረጡ፣ ከዚያ ምልክቱን አንስተው አፕላይን ይጫኑ። ይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ይጠየቃሉ፤ ፒን አያገለግልም። ዊንዶውስ እዚህ ላይ የጻፉት ትክክል መሆኑን ስለማይፈትሽ ስህተቱ የሚታወቀው ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ነውና በጥንቃቄ ይጻፉ።

ሳጥኑ ከሌለ፣ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ከዚያም ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ብለው ይግቡና በዊንዶውስ ሄሎ (በፊት፣ በጣት አሻራ ወይም በፒን መግቢያ) ብቻ መግባትን የሚያስገድደውን ማብሪያ ያጥፉ፤ የኔትፕልዊዝን መስኮት ዘግተው ሲከፍቱት ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። በድርጅት ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹን ከአንድ ማዕከል በሚያስተዳድር ኔትወርክ) ሥር ባለ ማሽን ግን አይወጣም፤ ያን ለሲስተም አስተዳዳሪው ይተዉት።

በሪጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ዊንሎጎን በሚባለው ቦታ ይለፍ ቃሉን በእጅ የመጻፍ መንገድም አለ፤ ይህን ፈጽሞ አልመክርም፤ ምክንያቱም ቃሉ ሳይመሰጠር በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት በሲስኢንተርናልስ ስብስቡ በነፃ የሚያቀርበው አውቶሎጎን የተባለ ፕሮግራም አመስጥሮ ያስቀምጠዋል። ያም ቢሆን የአስተዳዳሪ መብት ያለው ሰው ፈትቶ ሊያወጣው ስለሚችል፣ ይህን ይለፍ ቃል በሌላ ቦታ አይጠቀሙበት።

ማሽኑ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሳ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብተው ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚሆነውን የሚወስነውን ምርጫ «ፓወር ኦን» ላይ ያድርጉት። የአካውንቱን ይለፍ ቃል በቀየሩ ቁጥር የሳጥኑን ሥራ እንደገና ይሥሩ፤ አለበለዚያ ማሽኑ አሮጌውን ቃል ይሞክርና መግቢያው ላይ ይቆማል። አንድ ቀን በሌላ አካውንት መግባት ከፈለጉ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ሺፍትን ተጭነው ይቆዩ።