ሌሙርን ለልጆች በጨዋታ ማስተዋወቅ

ልጆቻችሁን የጦጣ ዘመድ ከሆነው እንስሳ፣ ከሌሙር ጋር ስታስተዋውቁ በሥዕል ሳይሆን በጠዋት ፀሐይ ጀምሩ። ጅራቱ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው ሌሙር ማለዳ ቁጭ ብሎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሆዱን ለፀሐይ ይሰጣል። ልጆቹም እንደዚያው ይቀመጡ። ከዚያ የነጠላ ጫፍ በሎሚ ልጣጭ አሽታችሁ ስጧቸው፦ ወንዶቹ ሌሙሮች ሲፎካከሩ ከእጃቸው አንጓ የሚወጣውን ሽታ ጅራታቸው ላይ ቀብተው ወደ ባላንጣቸው ያወዛውዙታል። በጠረን የሚደረግ ጠብ! ምግብ ላይ ቅድሚያው የሴቶቹ እንደሆነም ንገሯቸው፤ ሴት ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል። ለማታ አይአይ የተባለውን የሌሙር ዝርያ አቆዩ፤ በቀጭኑ መካከለኛ ጣቱ ግንድ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ጥሎ ውስጥ ያለውን ትል ይፈልጋል። መብራቱን ቀንሳችሁ ጠረጴዛውን አብራችሁ አንኳኩ። የሌሙሮቹን የትውልድ አገር ማዳጋስካርንም ልጆቹ ካርታ ላይ በጣታቸው ይፈልጓት።