የኒውትሮን ፈንጂ ጠቋሚ ሲሳሳት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ የተቀበረ ፈንጂ በኒውትሮን መፈለግን አዳማ ላይ በአፈር ሳጥንና በማስመሰያ (ፈንጂን በሚተካ ጉዳት የሌለው ነገር) ለምትለማመዱ ነው። ሜዳ ላይ አጠራጣሪ ነገር ካያችሁ ግን አትንኩ፤ የመጣችሁበትን ዱካ ተከትላችሁ ተመለሱና ለፖሊስ አሳውቁ።

ቆጠራው በሳጥኑ ሁሉ ላይ ከፍ ብሏል

ውሃ ነው። መሣሪያው ፈንጂ አያይም፤ የሚያየው ሃይድሮጂን ነው። ከመሣሪያው የኒውትሮን ምንጭ የወጣ ፈጣን ኒውትሮን ከሃይድሮጂን ጋር ሲጋጭ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቀንሶ ወደ ላይ የተመለሰውን የሂሊየም 3 ቱቦ (ዘገምተኛ ኒውትሮን መቁጠሪያ) ይቆጥረዋል። ፈንጂ ውስጥ የሚሞላው ቲኤንቲ ከክብደቱ 2.2 በመቶው ሃይድሮጂን ነው፣ ውሃ ደግሞ 11 በመቶ። ስለዚህ ከ100 ኪሎ እርጥብ አፈር 20 ኪሎው ውሃ ከሆነ፣ አፈሩ ራሱ የቲኤንቲን ያህል ሃይድሮጂን ተሸክሟል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ዋልካ ውስጥ የቀበርነው ማስመሰያ ጨርሶ የጠፋብን በዚህ ነው። ለብሎኬት የሚጫነው ፑሚስም ያታልላል፤ ላዩ ነጭና ደረቅ ሆኖ አንዱን ድንጋይ ስትሰብሩት ውስጡ እርጥብ ነው።

መፍትሄው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ቦታ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው አፈር ላይ መነሻ ንባብ መውሰድ ነው። ከዚያ ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹን እዩ፦ እርጥበት ይንሰራፋል፣ ፈንጂ ግን በትንሽ ቦታ ላይ ይቆማል። አፈሩ ከረጠበ ሥራውን አቁሙ። በጭቃ ላይ «የለም» የሚል ንባብ አምኖ ሰው ማሳለፍ ነፍስ ያስጠፋል።

አንድ ጥግ ብቻ ይጮኻል፣ ሲቆፈር ባዶ ነው

አንድ ከሰዓት የቀኙ ጥግ አልወርድ አለን። አፈሩን ሦስት ጊዜ አበጠርን፤ ምንም የለም። ለካ ከሳጥኑ ጀርባ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል! ስናነሳው ቁጥሩ ወዲያው ወረደ። የራሳችሁ ጉልበትም ውሃ ነው፤ የሳጥኑ ጣውላም ሃይድሮጂን አለው። ዙሪያውን አጽዱ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቁሙ፣ ከጣውላው ራቅ ብላችሁ መሃሉን ለኩ። ከአፈሩ በላይ ያለው ከፍታም እንዳይዋዥቅ ማስደገፊያ አድርጉለት።

ቆጠራው ከወር ወር ይቀንሳል

ምንጩ ካሊፎርኒየም 252 ከሆነ በ2.65 ዓመት ገደማ ግማሽ ይሆናል፤ በሰርተፊኬቱ ቀን አስሉ። አሜሪሲየም-ቤሪሊየም ከሆነ ግማሽ ዕድሜው 432 ዓመት ነውና ባትሪውን፣ ኬብሉን፣ የቱቦውን ቮልቴጅ ፈትሹ። የምንጩን መያዣ ፈቃድ ያለው የጨረር መከላከል ባለሙያ ብቻ ይክፈት።

የናይትሮጅን ምልክት አይወጣም፣ ወይም በባዶ አፈር ይወጣል

ቲኤንቲ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ዘገምተኛ ኒውትሮን ሲውጥ 10.83 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ ጋማ ጨረር ይለቃል። ጋማው ጥቂት ስለሆነ በደቂቃዎች ታገሱ። በአፈሩ ውስጥ ያለው ሲሊከን ደግሞ 10.6 አካባቢ ይለቃል፤ ፑሚስ ሲሊከን የበዛበት ነውና የባዶውን አፈር ስፔክትረም (ጋማዎቹ በኃይላቸው ተደርድረው የሚታዩበትን ሥዕል) ሳትቀንሱ አትፍረዱ።

በአዳማ ቀትር መሣሪያው ሲግል ስፔክትረሙ በሙሉ ይንሸራተታል። የሃይድሮጂን 2.22 መስመር ሁልጊዜ ስለሚታይ እሱን ማስተካከያ አድርጉት፤ ጠዋት አንዴ፣ ፀሐይ ስትከር ደግሞ እንደገና።

ማስመሰያችሁ ሜላሚን (ናይትሮጅን የበዛበት ነጭ ዱቄት) ከሆነ ልኩን ጠብቁ። ሜላሚን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው፣ ቲኤንቲ ግን 18.5 በመቶ። 100 ግራም ቲኤንቲን የሚተካው 28 ግራም ሜላሚን ነው። እኛ መጀመሪያ ግራም በግራም ተክተን «ይሠራል» ብለን ነበር፤ ልኩን ስናስተካክል ምልክቱ ከባዶው አፈር ንባብ መዋዠቅ በላይ ብቅ ያለው በጭንቅ ነው።