አፑ ሜዳ ላይ ሲያስቸግር፦ በሰሜን ሸዋ ለአምቡላንስና ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ ለወታደር ተሠርቶ ኋላ ለሲቪልም የተለቀቀው፣ የቡድኑን አባላት ቦታ ካርታ ላይ የሚያሳየው ኤታክም (ATAK) ሆነ በፎርም መረጃ መሰብሰቢያው ኦዲኬ (ODK) እንደየሥራው ሊስተካከሉ የሚችሉ አፖች ናቸው። የሚጠቅሙት ግን አስቀድሞ ላስተካከላቸው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ከደብረ ብርሃን ሳትወጡ ጨርሱ።

ካርታው ነጭ ሆነብኝ

ኤታክ ካርታውን ከኢንተርኔት እየሳበ ነበር፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚያሳየው የለውም። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ከነከፍታ መስመሩ አውርዱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ፤ ካርታ ላይ በጣት የምትሸፈን ርቀት በእግር የግማሽ ቀን ቁልቁለት ልትሆን ትችላለች። ሲያልቅ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጋችሁ ካርታውን እያቀረባችሁ ፈትሹት።

ቦታው 200 ሜትር ያህል ይስታል

“ጂፒኤሱ ተበላሽቷል” ከማለታችሁ በፊት የቦታው ቁጥር (ኮኦርዲኔቱ) ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የቆዩት የአገራችን 1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመነሻ ልኬት (የቦታ ቁጥር ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር የሚወስነው) ነው፤ ስልክ የሚሠራው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ሌላ የመነሻ ልኬት፣ በደብሊውጂኤስ 84 (WGS 84) ነው። አንዱ ከወረቀት ያነበበውን ቁጥር በሬዲዮ ሲናገር ሌላው እንዳለ ስልኩ ላይ ቢያስገባው ነጥቡ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሸሻል። ደብረ ሲና ዙሪያ ባለው ገደል 200 ሜትር ማለት ከሸንተረሩ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ቃሬዛ የያዘው ቡድን በማይሆነው በኩል ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ ቁስለኛው ደግሞ ይጠብቃል።

አፑ ቦታን በሜትር ቁጥር በሚያሳየው ዩቲኤም (UTM)፣ ዞን 37 ላይ ይሁን። ቁጥር የሚናገር ሰው ሁሉ “ከወረቀት” ወይም “ከስልክ” ብሎ ይጀምር። ከወረቀት ከሆነ ቢሮ ያለው ባልደረባ ኪውጂአይኤስ (QGIS) በተባለው የኮምፒውተር ካርታ ፕሮግራም ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ቀይሮ ይላከው። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ድልድይ ላይ ቆማችሁ የሁለቱን ቁጥር አስተያዩ፤ ልዩነቱን በዓይኑ ያየ ሰው አይረሳውም።

የባልደረባዬ ነጥብ ቆሞ ቀረ

ስክሪኑ ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን ዘግቶታል። ባትሪ ሴቲንግ ገብታችሁ ለዚህ አፕ ገደቡን አንሱ፤ የሎኬሽን ፈቃዱም “ሁልጊዜ” ይሁን።

ጂፒኤሱ ቶሎ አይዝም

ዳታ ከሌለ ስልኩ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ መቀበል አለበት። ይህ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ፣ ስልኩ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ ደግሞ እስከ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ከገደሉ ሥር ወጥታችሁ ሰማይ በሰፊው በሚታይበት ቁሙ።

ሰዓቱ ተምታታ

ጥሪ ተቀባዩ ሌሊት 8 ሰዓት የመጣውን ጥሪ 8:00 ብሎ ያስገባል፤ አፑ ግን ጠዋት 2 ሰዓት አድርጎ ይይዘዋል። ምጥ የያዛትን እናት የሚቀበል ሐኪም 6 ሰዓት የሳተ መዝገብ ሊሰጠው አይገባም። ሰዓቱን ሰው አይጻፈው፤ ፎርሙ ሲከፈት ከስልኩ ይውሰድ። ለቀኑ ኦዲኬ የኢትዮጵያን ካሌንደር ማሳየት ይችላል፤ ፎርሙን የሚያዘጋጀው ሰው እንዲያስገባው ንገሩት።

ፎርሙ አልሄደም

ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ኔትወርክ እየጠበቀ ነው። አፑን ከስልኩ ላይ አታስወግዱት (አንኢንስቶል አታድርጉት)፣ ዳታውንም ክሊር አታድርጉት፤ የሚጠፋው ያኔ ነው። ኔትወርክ ስታገኙ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ፎርም ላኩ፤ ፎቶ የበዛበትን ለቢሮ ዋይፋይ አቆዩት።